የልብስ ሳሙና በቤት ውስጥ፦ ከእንዶድ እስከ ሞራ፣ አሠራሩ፣ ጥንቃቄውና ሸሪዓዊ ብይኑ

በቁስቋምም ሆነ በሌሎች የጎንደር ሰፈሮች ዒድ አል-አድሓ (አረፋ) ባለፈ ማግስት ብዙ ቤት ውስጥ አንድ የሚባክን ነገር አለ፤ ሞራ። ሥጋው ይበላል፣ ይከፋፈላል፤ ቆዳው ይሰጣል፤ ሞራው ግን ከሚፈለገው በላይ ሲሆን ወይ ለውሻ ይጣላል፣ ወይ ጓሮ ይቀበራል። በዚያው ቤት ደግሞ የልብስ ሳሙና በየሳምንቱ ይገዛል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ለማገናኘት የተዘጋጀ ነው። የልብስ ሳሙና በቤት ውስጥ ከሞራ እንዴት እንደሚሠራ፣ እናቶቻችን ሲታጠቡበት የኖሩት እንዶድ ምን ዓይነት ተክል እንደሆነ፣ አመድ ለምን ብቻውን ደረቅ ሳሙና እንደማይሆን፣ እንዲሁም በሥራው መሐል የሚነሱ የጦሃራና የኡድሒያ ጥያቄዎች ምን መልስ እንዳላቸው በቅደም ተከተል ያስረዳል። ሥራው ቀላል ነው፤ ነገር ግን አንዱ ግብዓት ዓይንን ሊያጠፋ የሚችል ስለሆነ የጥንቃቄውን ክፍል ሳያነቡ ወደ አሠራሩ እንዳያልፉ አደራ እንላለን።

ሳሙና ምንድን ነው?

ሳሙና የስብ (ወይም የዘይት) እና የአልካሊ ውሕደት ውጤት ነው። «አልካሊ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛው «አል-ቀሊ» የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ከተወሰኑ ተክሎች የሚገኝ አመድ ማለት ነው። ሳሙና የሚለው ቃላችንም ከዐረብኛው «ሷቡን» ጋር ዝምድና አለው። በናብሉስና በሐለብ (አሌፖ) ከተሞች ከወይራ ዘይትና ከአልካሊ ሳሙና ማብሰል ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረ ሙያ ነው፤ የሁለቱም ከተሞች የሳሙና አሠራር እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሰፍሯል።

ስብና ኮስቲክ ሶዳ ሲገናኙ ሁለቱም መልካቸውን ይለውጣሉ። ከውሕደቱ ሳሙናና ግሊሰሪን ይወጣሉ። መጠኑ ተጠብቆ በደንብ ከተዋሐደና በቂ ጊዜ ከቆየ ውስጡ የሚያቃጥል ኮስቲክ አይቀርም። መጠኑ ከተዛባ ግን አንዱ ይተርፋል፤ ስብ ከበዛ ሳሙናው ይለሰልሳል፣ ቆይቶም ይበላሻል፤ ኮስቲክ ከበዛ እጅና ልብስ ያቃጥላል። ስለዚህ የሳሙና ሥራ የሚዛን ሥራ ነው። በጣሳ፣ በብርጭቆና በዓይን ግምት የሚሠራ አይደለም።

ሳሙና የሚያጸዳበት መንገድም ግልጽ ነው። የሳሙናው አንድ ጫፍ ውኃን፣ ሌላው ጫፍ ቅባትን ይይዛል። እድፉን ከልብሱ አላቅቆ ከውኃው ጋር ይወስደዋል። ውኃው ጨዋማና «ከባድ» ሲሆን ሳሙናው ከውኃው ማዕድናት ጋር ተያይዞ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ አረፋውም ይቀንሳል። ለዚህ ነው በአንዳንድ የጉድጓድ ውኃ ሳሙና አላረፋ የሚለው። የዝናብ ውኃ ለልብስ አጠባ የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በሸሪዓ ልብስን የሚያጠራው ምንድን ነው?

በዲናችን የልብስ ንጽሕና ከሶላት መስፈርቶች አንዱ ነው። በዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ፤ እድፍና ነጃሳ አንድ አይደሉም። በጭቃና በላብ ያደፈ ልብስ ቆሻሻ ቢሆንም ነጃሳ አይደለም፤ ሶላት ይሰገድበታል። ሽንት ወይም ደም የነካው ልብስ ግን ነጭ ሆኖ ቢታይ እንኳ መጥራት አለበት። የሚያጠራውም በመሠረቱ ውኃ ነው። ሳሙና አጋዥ እንጂ መስፈርት አይደለም። የነጃሳው አካል፣ ሽታና ቀለም በውኃ ከተወገደ ልብሱ ጠርቷል፤ በደንብ ታጥቦ ሊለቅ ያልቻለ የቀለም ምልክት ቢቀር ችግር የለውም። ስለዚህ ሳሙና ያጣ ሰው በዚህ ምክንያት ሶላቱን ሊያዘገይ አይገባም።

አጋዥ ነገር መጠቀም ግን በሱና የታወቀ ነው። የወር አበባ ደም ስለነካው ልብስ የጠየቁትን ኡሙ ቀይስ ቢንት ሚሕሰንን (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) በእንጨት ፍቀው በውኃና በሲድር እንዲያጥቡት እንዳዘዟቸው አቡ ዳውድና ነሳኢ ዘግበዋል። ጀናዛ በሚታጠብበት ጊዜም ውኃና ሲድር መጠቀም የታወቀ ነው። ሲድር በእኛ ቆላማ አካባቢዎች ቁርቁራ የምንለው የዛፍ ወገን ነው። ቅጠሉ ተወቅጦ ውኃ ሲነካው ያረፋል፤ በውስጡ ሳፖኒን የሚባል የተፈጥሮ አረፋ ሰጪ ስላለ ነው። ይኸው ሳፖኒን ወደ እንዶድ ይወስደናል።

እንዶድ፦ የደጋው ሳሙና

እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በአጥር ዳርና በጫካ ጥግ የሚበቅል፣ በሌላ ተክል ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው በዘለላ የሚንጠለጠል ትንንሽ ሲሆን ፋብሪካ ሳሙና ሳይስፋፋ በፊት በሰሜኑ ደጋ ጋቢና ኩታ፣ ቀሚስና ነጠላ የሚነጣው በእንዶድ ነበር።

ይህን ተክል ዓለም እንዲያውቀው ያደረጉት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ስለ ብልሃርዝያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋሉ። ብልሃርዝያ የሚተላለፈው በውኃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት በመሆኑ ነገሩ ትልቅ ትርጉም ነበረው። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርምር የእንዶድ ሳፖኒን ቀንድ አውጣዎቹን እንደሚገድል ተረጋገጠ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙ። ብልሃርዝያ ዛሬም በጣና ዳርቻና በደንቢያ ያለ በሽታ ስለሆነ ታሪኩ ለእኛ አካባቢ ሩቅ አይደለም። የግኝቱ መነሻ ግን የእናቶች የልብስ አጠባ ልማድ እንደነበር ልብ ይሏል።

በእንዶድ ማጠብ የሚፈልግ እንዲህ ያደርጋል፦

1. ፍሬው አድጎ ገና አረንጓዴ ሳለ ይለቀማል። ቀልቶ የበሰለው አይመረጥም።
2. በጥላ ወይም በፀሐይ በደንብ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ በደረቅ ቦታ ረዘም ላለ ጊዜ ይቀመጣል።
3. በሚፈለግበት ቀን ይወቀጣል። ዱቄቱ አፍንጫን ስለሚያስነጥስና ዓይንን ስለሚያቃጥል አፍና አፍንጫ በጨርቅ ይሸፈናል።
4. የተወቀጠው ለብ ባለ ውኃ ተዘፍዝፎ ይታሻል፤ አረፋ ሲያወጣ ገለባው በጨርቅ ይጠለላል። መጀመሪያ አንድ እፍኝ ለአንድ ባልዲ ውኃ ሞክሮ እንደ አረፋው መጨመር ወይም መቀነስ ይቻላል።
5. ልብሱ በአረፋው ውኃ ተዘፍዝፎ ይታጠባል፣ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል።

እንዶድ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም ማለት ስሕተት ነው። ቀንድ አውጣን የሚገድለው ዓሣንም ይገድላል፤ ስለዚህ የታጠበበት ውኃ ወደ ወንዝና ኩሬ አይደፋ፤ ከውኃ ራቅ ብሎ መሬት ላይ ይፍሰስ። ሰው ከዋጠው መርዝ ነው። ፅንስ ለማስወረድ ወይም ለሆድ ሕመም ተብሎ መጠጣቱ ሕይወት የሚያጠፋ ነገር ነውና በምንም መልኩ አይሞከር። የተወቀጠ እንዶድ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር በአንድ መደርደሪያ አይቀመጥ።

ሞራው ከየት ይምጣ?

ወደ ደረቁ ሳሙና ስንገባ የመጀመሪያው ጥያቄ የሞራው ምንጭ ነው። በሸሪዓ መሠረት የታረደ የበሬ፣ የበግ ወይም የፍየል ሞራ ጦሃራ ነው፤ ሳሙናውም ያለ ልዩነት ጦሃራ ነው። ሳይታረድ ከሞተ እንስሳ (ከመይታ) ስለሚወጣ ስብ ግን ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) መካ በተከፈተችበት ዓመት ተጠይቀው መከልከላቸው በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ ይገኛል። ክልከላው ሽያጩን ብቻ ነው ወይስ መጠቀሙንም ይጨምራል በሚለው ላይ ሊቃውንት ተለያይተዋል።

ነጃሳ ስብ ወደ ሳሙና ከተለወጠ በኋላስ? ይህ «ኢስቲሓላ» (የአንድ ነገር ባሕርይ ሙሉ በሙሉ መለወጥ) የሚባለው ርዕስ ነው። የሐነፊያ መዝሀብ ሊቃውንትና እንደ ኢብኑ ተይሚያ ያሉ ዑለማዎች ነገሩ ተለውጦ ሌላ ነገር ከሆነ ይጠራል ይላሉ። በሻፊዒያ መዝሀብ ደግሞ ከተወሰኑ ነገሮች በስተቀር መለወጥ ነጃሳን አያጠራም። ከውጭ በሚገባ ሳሙና ላይ «የእንስሳ ስብ» የሚል ጽሑፍ አይተው የሚጨነቁ ሰዎች ጥያቄ የሚመለሰው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። በቤቱ የሚሠራ ሰው ግን ምርጫው በእጁ ነውና ከክርክሩ መውጣት ይችላል፤ ሞራውን ከራሱ እርድ ወይም ከሙስሊም ሥጋ ቤት ይውሰድ።

ሁለተኛው ጥያቄ የኡድሒያ ሞራ ነው። ከኡድሒያ ሞራ ሳሙና ሠርቶ በቤት መጠቀም ይቻላል ወይ? አዎን ይቻላል። በሙስሊም ዘገባ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ ሰዎች ከኡድሒያቸው ቆዳ የውኃ መያዣ ይሠሩና ሞራውንም ያቀልጡ እንደነበር ተጠቅሷል። ነቢዩም (ሶ.ዐ.ወ) በአንድ ዓመት ማከማቸትን ከልክለው የነበረው ወደ ከተማይቱ በመጡ ችግረኞች ምክንያት እንደነበር ገልጸው እንዲበሉ፣ እንዲያስቀምጡና እንዲመጸውቱ ፈቅደዋል።

መሸጡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ዓሊይን (ረ.ዐ) የሀድይ ግመሎቻቸውን ሥጋና ቆዳ እንዲያከፋፍሉ፣ ለአራጁም ከዚያ ላይ የእርድ ዋጋ እንዳይሰጡ ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ከዚህ ተነስተው አብዛኞቹ ሊቃውንት ከኡድሒያ ምንም ነገር፣ ሥጋም፣ ቆዳም፣ ሞራም አይሸጥም ብለዋል። ስለዚህ ከኡድሒያ ሞራ የተሠራ ሳሙና ለቤት ይሁን፣ ለጎረቤት ይሰጥ፣ ለችግረኛ ይመጽወት፤ ለመርከስና ለመስጊድ ምንጣፍ ማጠቢያም መልካም ስጦታ ነው። ለገበያ የሚሠራ ሰው ግን ሞራውን ከሥጋ ቤት ገዝቶ ለይቶ ያስቀምጥ፤ ሁለቱን አንድ በርሜል ውስጥ አይቀላቅል።

ጥንቃቄ፦ ከአሠራሩ በፊት የሚነበብ

ኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) ነጭ ፍሬ ወይም ቅርፊት መሳይ ኬሚካል ሲሆን በኬሚካል መሸጫዎች ይገኛል። ሲገዙ ቤኪንግ ሶዳ ወይም ሶዳ አሽ እንዳልሆነ ያረጋግጡ። ለቧንቧ መክፈቻ የሚሸጠው ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል ለሳሙና አይሆንም። የሚከተሉት ሕጎች አይጣሱም፦

• ኮስቲኩ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ ኮስቲኩ ፈጽሞ አይጨመርም። ከተገላበጠ ይፈነጠራል።
• በአሉሚኒየም ዕቃ አይሠራም። በተለምዶ «ብረት ድስት» የምንለው አብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ኮስቲክ ይበላዋል፣ ተቀጣጣይ ጋዝም ያወጣል። የማይዝግ ብረት (ስቴንለስ) ወይም ወፍራምና ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ ይጠቀሙ። የሳሙና ዕቃ ወደ ምግብ አይመለስ።
• የላስቲክ ጓንት፣ ዓይንን የሚሸፍን መነጽር፣ ረጅም እጅጌና የተሸፈነ ጫማ ይልበሱ። የሚንዘረፈፍ ነጠላ ወይም ሻሽ ወደ ኋላ ይታሰር።
• ሥራው ደጅ ወይም አየር በሚገባበት ቦታ ይሁን። ሲቀላቀል የሚወጣውን እንፋሎት አይሳቡ።
• ልጆች በአካባቢው አይኑሩ። የኮስቲክ ውኃ ንጹሕ ውኃ ይመስላል፤ በመጠጥ ውኃ ፕላስቲክ (ሃይላንድ) ወይም በብርጭቆ ፈጽሞ አይቀመጥ።
• ቆዳ ከነካ ወዲያው በብዙ ውኃ ይታጠብ። ዓይን ከነካ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ያለማቋረጥ በሚፈስ ውኃ እያጠቡ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ሎሚና ኮምጣጤ ቁስሉ ላይ አይደረግም። ከተዋጠ ለማስታወክ አይሞከር፤ አፍ በውኃ ተጉመጥሙጦ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሥራው የሚጀመረው ቢያንስ 2 ጀሪካን ንጹሕ ውኃ አጠገብ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ይህ ለመታጠቢያ ሳይሆን ለአደጋ መጠባበቂያ ነው።

ሞራውን ማጥራት

ጥሬ ሞራ ደምና ሥጋ ስላለበት ሳሙናውን ያሸተዋል። ሞራው በትንንሹ ይከተፍና በድስት ውስጥ ውኃና አንድ ሁለት ማንኪያ ጨው ተጨምሮበት በቀስታ እሳት ይቀልጣል። (በዚህ ደረጃ ኮስቲክ ስለሌለ ማንኛውም ድስት ይሆናል።) ሙሉ በሙሉ ሲቀልጥ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ሌሊቱን ሲያድር ሞራው ላይ ረግቶ ነጭ ክብ ይሆናል፣ ውኃውና ቆሻሻው ሥር ይቀራል። ክቡ ወጥቶ ሥሩ ያለው ግራጫ ዝቃጭ በቢላ ይፋቃል። ሽታው የበረታ ከሆነ ይኸው ሥራ በአዲስ ውኃ ይደገማል። የጠራው ሞራ ውኃ ሳይቀርበት መመዘን አለበት።

መጠን

ለአንድ ጊዜ ሥራ፦

• የጠራ ሞራ፦ 1 ኪሎ ግራም
• ኮስቲክ ሶዳ፦ 135 ግራም
• ውኃ (የዝናብ ወይም የተጣራ ቢሆን ይመረጣል)፦ 350 ግራም

1 ኪሎ የበሬ ሞራን ሙሉ በሙሉ ወደ ሳሙና ለመለወጥ ወደ 140 ግራም ኮስቲክ ይፈልጋል። 135 ግራም የምናደርገው ጥቂት ስብ እንዲተርፍና የሚያቃጥል ኮስቲክ እንዳይቀር ነው። ከሞራው ሩቡን (250 ግራም) በፈሳሽ ዘይት፣ ለምሳሌ በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት መተካት ይቻላል፤ ኮስቲኩ እዚያው 135 ግራም ይሆናል፣ ሳሙናውም ትንሽ ለስለስ ይላል። የፓልም ዘይትም በሞራው መጠን ይሠራል። የኮኮናት ዘይት ግን ለ1 ኪሎ ከ180 ግራም በላይ ኮስቲክ ስለሚፈልግ በዚህ ልክ አይሠራበትም።

ሚዛኑ ግራም የሚለይ ዲጂታል ሚዛን መሆን አለበት። ያ ከሌለ ሥራውን ማቆየት ይሻላል።

አሠራር

1. ቅርጽ ማውጫውን ያዘጋጁ። ከእንጨት የተሠራ ሣጥን በፕላስቲክ ከተሸፈነ ይበቃል።
2. ውኃውን በስቴንለስ ወይም በወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ መዝነው ያስቀምጡ። ኮስቲኩን ለብቻው ይመዝኑ።
3. ኮስቲኩን ቀስ በቀስ ወደ ውኃው እየጨመሩ በእንጨት ማማሰያ ያማስሉ። ውኃው ያለ እሳት በራሱ በኃይል ይግላል። ሙሉ በሙሉ ሲሟሟ ከልጅና ከእንስሳ ርቆ እንዲቀዘቅዝ ይተዉት።
4. ሞራውን አቅልጠው ከእሳት ያውርዱና ኮስቲክ ወደሚችል ዕቃ ይገልብጡት። ሁለቱም ወደ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርዱ ይገጣጠማሉ። ቴርሞሜትር ከሌለ የዕቃዎቹ ውጪ ሲነካ የሚሞቅ ግን እጅን የማያስለቅቅ ይሁን። ሞራው በጣም ከቀዘቀዘ ሳይዋሐድ ይረጋልና በደጋው ብርድ ቶሎ መሥራት ያስፈልጋል።
5. የኮስቲኩን ውኃ በቀጭኑ ወደ ሞራው እያፈሰሱ ያማስሉ። ማማሰሉ አይቋረጥ፤ በእጅ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል።
6. ድብልቁ እንደ ቀጠን ያለ ሽሮ ሲወፍር፣ ከማማሰያው ሲንጠባጠብም ላዩ ላይ መስመር ጥሎ ጥቂት ሲቆይ ደርሷል። ወደ ቅርጽ ማውጫው ይገልብጡ።
7. በጨርቅ ሸፍነው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያቆዩ። ሲጠነክር ጓንት አድርገው በቢላ ይቁረጡ። ወደ 10 ፍሬ ይወጣዋል።
8. ፍሬዎቹን ሳይነካኩ አየር በሚገባበት ጥላ ደርድረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያድርቁ። እንደ ደባርቅና ዳባት ባለ ብርዳም ቦታ፣ በተለይም በክረምት፣ የቆይታ ጊዜው ይረዝማል።

በዚህ መልኩ ከ1 ኪሎ ሞራ ወደ አንድ ኪሎ ተኩል የሚጠጋ እርጥብ ሳሙና ይወጣል፤ ሲደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል። ሽቶ ስላልገባበት ሐጅና ዑምራ የሚሄዱ ሰዎች በኢሕራም ላይ ሳሉ ልብሳቸውን ለማጠብም ይስማማቸዋል፤ በኢሕራም ወቅት ሽቶ ክልክል ነውና።

ሳሙናው እንደታሰበው ካልሆነ

• ላዩ ላይ ዘይት ወይም ውኃ ከተንሳፈፈ፣ በደንብ አልተማሰለም ማለት ነው። ጓንት አድርገው በቀስታ እሳት ላይ መልሰው አቅልጠው እስኪዋሐድ ያማስሉት።
• ውስጡ ነጭ ጠጣር ፍሬ ወይም የሚያቃጥል ፈሳሽ የቋጠረበት ቦታ ካለ ያልተዋሐደ ኮስቲክ ነው። እንዲህ ያለው ለአጠባ አይውልም።
• ላዩ ላይ ስስ ነጭ ዱቄት ብቻ ካለ ከአየር ጋር በመገናኘት የመጣ ነው፤ ይፋቃል እንጂ ሳሙናውን አያበላሸውም።
• ከጥቂት ወራት በኋላ ብርቱካናማ ነጥብና የቆየ ዘይት ሽታ ካወጣ የተረፈው ስብ ተበላሽቷል። ብዙ ጊዜ የፈሳሽ ዘይት መብዛት ወይም ያልጠራ ሞራ ምክንያት ነው።

የፒኤች መለኪያ ወረቀት ካገኙ በእርጥብ ሳሙና ላይ ይሞክሩ። ከ9 እስከ 10 አካባቢ ጤነኛ ነው። አንዳንዶች በምላስ ይሞክራሉ፤ ይህ አይመከርም።

አመድስ?

ከአመድ የሚወጣው አልካሊ በአብዛኛው ፖታሲየም ካርቦኔት ነው። ይህ ሞራን ወደ ሳሙና ለመለወጥ ደካማ ነው። በኖራ ሲታገዝ ይበረታል፤ ቢሆንም ከፖታሲየም የሚወጣው ሳሙና ለስላሳና እንደ ቅባት የሚዝለገለግ እንጂ ደረቅ አይሆንም። የአመድ ውኃና ሞራ አፍልተው ደረቅ ሳሙና ጠብቀው ያጡ ሰዎች ምክንያቱ ይኸው ነው። የአመድ ጥንካሬ እንደ እንጨቱና እንደ አቃጠሉ ስለሚለያይ መጠኑን መተንበይም አይቻልም። የጠለለ የአመድ ውኃ ግን ለብቻው ቅባት ያለበትን ልብስ ለመዘፍዘፍ ይጠቅማል፤ እጅን ስለሚያደርቅ በጓንት ይሁን። ሐርና ሱፍ አይዘፈዘፍበትም።

ዱቄት ሳሙና ለሚፈልጉ

በደንብ የደረቀውን ሳሙና በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቀው ሁለት እጅ ሳሙናን ከአንድ እጅ ሶዳ አሽ ጋር ይቀላቅሉ። ሶዳ አሽ በአገራችን ከስምጥ ሸለቆው አብያታ ሐይቅ ውኃ ሲመረት የኖረ ነው። የውኃውን ከባድነት ስለሚያለዝብ ሳሙናው በተሻለ ያረፋል። ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ለአንድ ባልዲ ለብ ያለ ውኃ ይበቃል። ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውኃ ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ መጀመሪያ በጥቂት ሙቅ ውኃ ይበጥብጡት። ይህ ከሱቅ የምንገዛውን ኦሞ ያህል አያረፋም፤ አረፋ ማነሱ ግን አላጠራም ማለት አይደለም።

ለገበያ ለሚያስቡ

በሰፈር ደረጃ ጥቂት እህቶች ተሰባስበው ቢሠሩት የቤት ወጪ የሚደግፍ ሥራ ነው። ወጪውን ሲያሰሉ የሞራውን፣ የኮስቲኩን፣ የከሰሉንና የትራንስፖርቱን ዋጋ ደምረው በደረቀው ሳሙና ፍሬ ብዛት ያካፍሉ፤ በእርጥቡ ክብደት ካሰሉ ትርፉ የሐሰት ይሆናል። ሳይደርቅ በኪሎ የሚሸጥ ሳሙና ገዥው ቤት ገብቶ ክብደቱ ይጎድላል፤ ይህን እያወቁ መሸጥ በሚዛን ማጉደል ውስጥ የሚገባ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሚዛን አጉዳዮች ላይ በሱረቱል ሙጦፍፊፊን የዛተው ዛቻ ቀላል አይደለም። የተሠራበትን ቀን፣ የሞራውን ምንጭና «ለልብስ ብቻ» የሚለውን ጽፎ መለጠፍም የገዥው መብት ነው። ለንግድ በስፋት የሚሠራ ደግሞ የሚመለከተውን የከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት ፈቃድና የጥራት መስፈርት መጠየቅ ይኖርበታል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው በግማሽ ኪሎ ሞራ፣ በ67 ግራም ኮስቲክና በ175 ግራም ውኃ ይጀምር። ከመጪው አረፋ በፊት አንድ ጊዜ የሞከረ ቤት፣ በዒዱ ማግስት ሞራውን ምን እንደሚያደርገው ያውቃል።

ወላሁ አዕለም።